አንድ ላይ የቀረ

እንጅባራ፤ ማክሰኞና ሐሙስ፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲሞላ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ የመምህሩን ድምፅ ሲበላ፣
የአንደኛ ክፍል ልጆች ለቀውት በሄዱት ዴስክ ላይ
ጉልበቴ አልገባ ብሎኝ በጎን ተቀምጫለሁ።

ስምንት ነን። ሦስቱ ከጤና ጣቢያ፤ ሁለት ከሰል ነጋዴ፤
አንዷ ሙሽራ፣ የአማቷ ዝምታ የከበዳት፤
አንድ ፖሊስ፣ ለምን እንደመጣ የማይናገር፤
እና እኔ።

መምህር ልየው ስም ሲጠራ እኔ ላይ ቆመ።
«የኔዓለም አለኸኝ... የአዘናው አለኸኝ ልጅ?»
«አዎ።»
«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»
ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤
የገዛ ቤቷን በር እንግዳ ሆና እንዳንኳኳች
ሰው እንዳየባት ሴት።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ጻፈ፦ ጝ።
ደብረ ማርቆስ ሀ ሁ ስቆጥር ገበታው ላይ ያልነበረ፤
«ግ»ን ይመስላል፣ ሸክም የያዘ «ግ»።
«ምላስ ወደ ኋላ ትሂድ፤ በአፍንጫ ጨርሱት።
ጥርስ አያስፈልገውም።»

ሲስተር ዘቢደር፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣
በዚህ አገር አንድ ዘመድ የሌላት፣
በመጀመሪያው አወጣችው፤ ጥርት አርጋ።
እኔ ወይ «ን» ይሆንብኛል፣ ወይ «ግ»፣ ወይ ሳል።
«ግዴለሽም፤ ያንቺማ ደምሽ ውስጥ አለ» ይለኛል ሊያጽናናኝ።
ደሜን ጠየቅሁት። ኦ ፖዘቲቭ ነኝ አለ።
ሌላ የሚያውቀው የለም።

«ሁለት ለማለት እንኳ ይህ ፊደል ያስፈልጋል፤
የማይችለው ሰው አንድ ላይ ይቀራል።»
ለካ ሰው ብቻውንም
አንድ ላይ ይቀራል።

አባቴ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አውጚ አልተናገረ።
ከአዘና ስልክ ሲመጣ ወደ ጓሮ ይወጣል፤
ከጎመኑ መደብ ጀርባ ድምፁ ይቀጥናል፤
እኛ መስኮት ሥር ተደብቀን የምንለቅመው
«እሺ፣ እሺ»ን ብቻ ነበር።
ተቀየምሁት። ከቀበርነውም በኋላ ቅያሜው አልወጣልኝም፤
ርስቱን ለብቻው ቆልፎ፣ ቁልፉን ይዞ እንደሄደ ሰው።

ቅዳሜ ወደ አክስቴ ወደ ይታይሽ ሄድሁ።
አንዲት ዐረፍተ ነገር ደብተር ላይ ጽፌ፣
ሚኒባሱ ውስጥ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ
አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ጸሎት መስሏቸው
ባርኔጣቸውን አወለቁ።
ደርሼ አልኋት።
አክስቴ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች።
«ይኸማ የመጽሐፍ ነው፤ አባትሽ እንዲህ አይልም።»
«እንዴት ነበር የሚል?»

ድንች መላጧን አቆመች።
«አባትሽማ በሰባት ዓመቱ አይደል የተወሰደ፣
ደብረ ማርቆስ፣ አጎቱ ዘንድ።
አፉ እዚያው ላይ ቆመ።
ስልክ ሲደውል በሕፃን አፍ ነበር የማወራው፤
ሌላው አይገባውም።
ስድሳ ዓመት አልፎት፣ ጥርሱ ረግፎ፣
"ሆዴን" ሲል እንደ ሕፃን ነበር የሚለው።
ሰው እንዳይሰማበት ያፍር ነበር፣ የኔ ወንድም።»

ልጣጩ ከቢላው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።
እኔ ጓሮውን አሰብሁ፤ ጎመኑን፤
ያን ግዙፍ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣
የሚቀጥነውን ድምፅ።

ማክሰኞ፤ ዝናብ እንደገና።
ቁጥር እስከ ዐሥር ደርሰናል፤
መምህር ልየው ተራ በተራ ይጠይቃል፦
ስምሽ ማነው? ከየት መጣሽ? ዕድሜሽ ስንት ነው?
ፖሊሱ «ዐሥር» አለ፤ ከዚያ በላይ ስለማያውቅ፤
ዘቢደር ሳቋን በመሐረብ አፈነች።

እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።
«ሰባት» አልሁት በአውጚ።
ያ ፊደል እዚያም ውስጥ አለ፤
ወጣ፣ ሙሉው እንኳ ባይሆን።
መምህሩ ጠመኔውን ሊያርመኝ አነሣና
ፊቴን አይቶ ይሁን፣ ዝናቡ አይሎበት፣
ወደ ሙሽራዋ አለፈ።