ባልዲ

ሚያዝያ ሲጋመስ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣
ዝናብ ያካፋ ቀን፣ ነፋሱ ሲለወጥ፣
ከጫካው ይወጣል፣ ሐይቁን የሚሻ ጉርጥ።

መሐል ላይ ግን አለ የአስፋልት ጎዳና፣
ግንድ የተጫነ የሚከንፍ መኪና፤
ጉርጥ ደግሞ አይቸኩልም። መብራት ሲያርፍበት
ቁጭ ይላል መንገድ ላይ፣
አንዳች የሚያስበው ጉዳይ እንዳለበት።

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስሄድ አያቸው ነበር፣
እንደ ወደቀ ጓንት፣ ተደፍጥጠው በአስፋልት ዳር።
አየሁ፤ አለፍኩ፤ በቃ። ለእኔ ምን ገዶኝ ነበር?

እኔ ሄይኖ ነኝ። አርባ ዓመት በባቡር
ትኬት ስበሳ ኖርኩ፣ ከጣቢያ ጣቢያ ስዞር።
ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው በጋ
ሌይዳ ሞተችብኝ፤ በሬም አብሮ ተዘጋ።
ራዲዮኑ ሲያወራ፣ እኔ ዝም እያልኩት፣
አንድ ቀን «እሺ» ብዬ
የገዛ ድምፄን ፈራሁት።

ከዚያ ማታ ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ፣
ማሪካ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቷ፤ ባልዲ በአንድ እጅ፣
በሌላው ቢጫ፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ።
«ሰው ጎድሎናል» አለች፣ እንደ ባቡር ጣቢያ
ኃላፊ ኮስተር ብላ፤ «ቶኑ እግሩን አሞታል፤
የእሱን ባልዲ ይያዙ፤ ዝናቡ ጀምሯል።»

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምክንያት ፈለግኩ፤
ጉልበቴን፣ ዕድሜዬን፣ ብርዱን ደረደርኩ።
ሁሉም እውነት ነበር። ግን ልጅቱ ቆማ
ታየኛለች ዝም ብላ።
አጠለቅኩ ቦት ጫማ።

መንገዱ ላይ ሰዎች፣ ዐሥር ያህል፣ በመስመር፣
ባትሪያቸው መሬቱን ሲዳብስ፣ ሲመረምር፤
አዋላጇ ኪርስቲ፣ እንጨት ነጋዴው ማዲስ፣
በአንዲት የፖም ዛፍ ሰበብ፣ አጥሩ ሳይታደስ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተኳረፍኩት ሰው።
«ተጠንቀቅ» አለኝ ማዲስ፤ «ከእግርህ ሥር ነው።»
ይኸው ነበር እርቃችን፤ ሽማግሌም አላስፈለገው።

ጎንበስ አልኩ፣ አነሳሁ። እርጥብ ነው፤ ሻካራ።
ትር ትር ይላል ልቡ፣ እጄን ሳይፈራ።
ሕይወት ያለው ነገር ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ።
ባትሪዬን አጠፋሁ፣
ማሪካ እንዳታየኝ።

አንዳንዷ ባሏን አዝላ ትሻገራለች፤
«እሱ ሁለት ነው» አለችኝ ኪርስቲ እየሳቀች።

አንድ የጭነት ሹፌር ጥሩምባ ነፋና
ሊሰድበን ወረደ፣ ከቆመው መኪና።
ማሪካ አንዱን ጉርጥ ዘረጋችለት፤
«ይያዙልኝ» አለች።
እንደ እንቁላል ያዘው በቆቡ፤ ስድቡም ጠፋበት።

ባልዲዬ ሲሞላ፣ ሐይቁ ዳር ወርጄ
አንድ በአንድ አወረድኩ፣ ትኬት ሳልጠይቅ፣ በእጄ።
«የመጨረሻ ጣቢያ!» የድሮ ድምፄ ወጣ፤
የማዲስም ሳቅ ከደንገሉ መሐል መጣ።

ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ጻፈች በዚያች ሌሊት።
ሰባቱን ሳንደርስ ቀረን፤ እነሱንም ጻፈች፣
በሌላ መስመር ላይ፣ በታናሽ ፊደላት።

የወንድሜ ልጅ ከታሊን ደውሎ ሳቀብኝ፤
«ለጉርጥ? ያለ ክፍያ? ምን ሊተርፍህ?» አለኝ።
ምን ብዬ ልንገረው? እንቅልፍ አገኘሁ ልበል?
ጉልበቴ እንደሆነ ዛሬም ያመኛል።

ግን ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጥሎኝ ስቀር፣
ሦስት ጊዜ ተንኳኳ በአንድ ማታ በር።
ማዲስ ሾርባ ይዞ፣ ኪርስቲ መድኃኒት፤
ማሪካ ደብተሯን። «ባዶ ነው» አለች፣
የእኔን ረድፍ በጣቷ እያሳየች።
አርባ ዓመት ሰው ቆጠርኩ። እኔን ግን፣ ከሌይዳ
በቀር፣ ማን ቆጥሮኛል? ሁሉ መንገደኛ፣ ሁሉ እንግዳ።
አሁን፣ ከጎደልኩኝ፣ መጉደሌ በደብተር
ይሰፍራል፤ በእርሳስ፤ ከጉርጦቹ ሥር።

ዛሬ ካፊያ አለ። ሙቀቱ አምስት ደረሰ።
ቶኑ እግሩ ድኖለት ለባልዲው ተመለሰ፤
አልሰጥም አልኩት። ሌላ ይግዛ፤ ሱቁ ሙሉ ነው።
ትንሽ ተኮሳተርን፤ አብረን ነው የምንወጣው።

ከደጅ ኮቴ ይሰማል።
ማሪካ ነሽ? ግቢ፤
አታንኳኪ፤ በሩ ክፍት ነው።