የተጎዳ ሰው፦ የለም

ሰው አልባ ይሉታል፣ ወረቀቱም ይላል፤
ከሥሩ ግን ሁሌ አንድ ሰው ይውላል።

ያን ቀን ሻፊ አባ ሜጫ ነበር፤
ቦዬ ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ
ለላሙ ሣር ሲያጭድ፣ ማጭዱን ስሎ አምጥቶ።

እኔ እሱን አላየሁም። ኪቶ ፉርዲሳ ጫፍ ቆሜ
የማየው መዳፌን የሚያህል ብርሃን ነው፣
ውስጡ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ ቁጥር፤
መቶ አስር ሜትር። ባትሪ ሰባ ሁለት።
ጅሬን ጭጋጉን ጥሎ፣ ነፋሱም ትንሽ ነበር።

ነፋሱ ትንሽ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ሥራችን ልኬት ነው፦ ረግረጉን መሸንሸን፣
ፎቶ በፎቶ ላይ እየደረቡ መስፋት።
ኢክራም ዓይኗን ከሰማይ አትነቅልም፤
ቀድማ የሰማች እሷ ናት፦
"ዘኪያ፣ ድምፁ ልክ አይደለም።"

የንቡ ዜማ ቀርቶ
ወፍጮ ጠጠር ሲበላ፣
ስክሪኑ ቀልቶ፦
ሦስተኛው ሞተር። ሦስተኛው ሞተር።
ጣቴ ሳላዘው ሮጠ፣
"ወደ ቤት ተመለስ" ከሚለው ምልክት ሊያድር።

ወደ ቤት! ሲሉት እንዴት ደስ ይላል።
በእኔና በእሱ መሀል ግን ትምህርት ቤት አለ፤
አራት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ደወሉ ሊደወል፣
ስምንት መቶ ራስ ከየክፍሉ ሊፈስ
ጥላ በሌለው ሜዳ ላይ።

ጣቴን አነሳሁ።
ገንዘቡን ያፈሰሰ አሠሪዬን ረሳሁ።
ወደ ውሃው አዞርኩት፣ ወደ ፊላው፣
ሰው የለም ወዳልኩበት፤
እዚያ ነው ሻፊ ያለው።

ኢክራም የማማውን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፋዋለች፤
የአዲስ አበባው አውሮፕላን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።
"ከቦዬ በላይ ነው፣ ቁጥጥር እያጣሁ፣
ከፍታ ስድሳ፣ ወደ ታች፣ ሃምሳ..."
ማዶ ያለው ሰውዬ አልጮኸ፣ አልወቀሰ፤
"ሰማሁ" አለ፤ "ቀጥዪ።"
እንደዚያ ቀን "ሰማሁ" የሚል ቃል
ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከዚያ ዝም።
ከዚያ፣ ከፊላው መሀል፣
አንድ ባርኔጣ ብድግ ሲል።

ማታ ቅጹ መጣ። ነዚፍ አባ ፊጣ
ደህና ሰው ነው፣ ሻይ አዘዘልኝ።
"ምክንያት ለሚለው ነፋስ በይ፣ ይበቃል፤
ነፋስ ምስክር አይጠራ፣ ይግባኝ አይል" አለኝ።

ነፋሱ ትንሽ ነበር።
ዋዜማውን፣ መብራት ሄዶ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን
ክንፉ ላይ ስንጥቅ አግኝቻለሁ፣ የፀጉር ግማሽ ታህላለች፤
በጥፍሬ ነካኋት።
"ለነገ ታደርሰናለች"
ብዬ ሣጥኑን ከደንኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤
ቅጹ ግን ማደሪያ የለው፣ ሌሊት ስድስት ላይ ያበቃል።
ጻፍኩ፦ ስንጥቁን አየሁ። አልቀየርኩም። አበረርኩ።
ሦስት ግሥ፤
የሦስቱም ባለቤት እኔ።
ነዚፍ አነበበ፣ ሻዩን ሳያማስል ጠጣው።

የቀረው አንድ ሣጥን ነው፦ የተጎዳ ሰው።
ሻፊ ጭረት የለውም። ሁለት ክንድ አልፎት ወድቋል።
ማጭዱን ግን ለውሃው ሰጥቶ
እስኪመሽ በእግሩ ሲዳብስ ነበር፣
ንብ ባለፈች ቁጥር
አንገቱን ሲሰብር።

"የለም" ብዬ ሞላሁ፤ ሌላ መስመር የለውም።
ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩና
በጀርባው፣ ማንም በማይጠይቀው በኩል፣
"አንድ ማጭድ" ብዬ ጻፍኩ።