ጉብታው የነበረበት ቦታ

ከብረት ማቅለጫው በር፣ እስከ ሐይቁ ዳርቻ፣
የሊዬፓያ ትራም፣ መስመሯ አንድ ብቻ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በዚህችው ሐዲድ፣
ስመጣ ስመለስ፣ ስመለስ ስሄድ፣
የቱ ብሎን እንደላላ፣ የቱ ጋ ብረቱ እንዳበጠ፣
ዓይኔ ባያይ እንኳ ያውቃል ወገቤ፣ እንደተቀመጠ።
ከሁሉም ግን አንዱን፤
ድልድዩ መሐል ላይ፣ ሐዲድ ከሐዲድ ሲጋጠም ያለውን፣
የጣት ውፍረት የማይሞላ ጉብታ፤
በቀን አሥራ ስድስቴ፣ ከጧት እስከ ማታ።

ማህፀኔን ያወጡት በመጋቢት ነበር፣ በረዶው ሲሟሟ።
"ቀላል ነው" አሉኝ፤ ቀላልም ነበር።
ቁስሉ ቶሎ ዳነ፣ ገጠመ ተኳኩሎ፣
ከላይ ላየው ሰው፣ ክር መሳይ ተስሎ።
ከውስጥ ግን ሌላ ነው፤
መንሸራተት ያለበት ከጎረቤቱ ተጣብቆ፣
አንጀቴ ከፊኛዬ፣ አንገት ላንገት ተናንቆ።
ስበላ ይጎትታል። ስተኛ ይጎትታል።
አርቪድስ በእንቅልፉ ቢገላበጥ፣ ፍራሹ ይጎትተኛል።
ሳቄን በልክ አደረግሁት፤
ሳልን ግን መለካት አቃተኝ።

ዶክተር ድዜኒስ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አነሣና
"ምንም የለም" አለ። "ንጹሕ ነው።"
ንጹሕ! ሰው እንዳልኖረበት ቤት።
መጣበቅ ጥላ የለው፣ በምን ፎቶ ይነሣ?
ሪጋ ያገኘኋት ሐኪም ግን አመነችኝ፤
ከፈተች፣ ቆራረጠች፣ አላቀቀች።
ሰባት ወር ቀለለኝ።
የብስክሌቴን አቧራ አራገፍሁ እንኳ።
በስምንተኛው ወር፣ ሽንኩርት እየላጥሁ፣ ተመለሰ፤
ሊፈታ የገባው ስለት እሱም ቁስል ነውና፣
ቁስልም ልማዱ፣ ያገኘውን መያዝ።
"ሦስተኛ ብገባ፣ የምጨምርልሽ ሦስተኛ ጠባሳ ነው"
አለችኝ፣ እጄን ይዛ።
ከዚያ ወዲያ ማንም እንዲህ ደግ እውነት አልነገረኝም።

"ሆድ ይፍጀው" ይባላል፤ ሆዴ ስንቱን ፈጅቶ፣
አሁን እኔን ያዘ፣ የሚፈጀው አጥቶ።
"አንጀቴ ተላወሰ" ይላል ሰው፣ ያዘነ እንደሆነ፤
የኔው በምን ይላወስ፣ ተጣብቆ ከዳነ?
እናም ቲኬት የሌለውን ልጅ ስቆጣው፣
ክፋት አይምሰለው።

ጉብታው ግን ሐቀኛ ነበር።
የዓሣ ገበያው ሲያልቅ አውቃለሁ፤ ትንፋሼን እይዛለሁ፣
ግራ ጉልበቴን ከብረቱ አስደግፋለሁ፤
ጓ! ያልፋል።
ሕመሜ አድራሻ ነበረው።

አምና በነሐሴ፣ የጥገናው ኃላፊ ቪስቫልዲስ
ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መጣ፤
"ስካይድሪቴ፣ እዚያ ጋ ስትደርሺ ፊትሽን አየዋለሁ።
ላንቺ ስል ከዝርዝሩ አናት ጻፍሁት።"
በየዱ፣ ሞረዱ፣ ሦስት ሌሊት ፈጀባቸው።
በአራተኛው ጧት ተሻገርሁ፤
ትንፋሼን ይዤ፣ ጉልበቴን አስደግፌ።
ምንም።
ሐር ላይ እንደሚሄድ ጣት።
ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለካ እንዲህ ነው ያልሁ መሰለኝ።
ሁለት ፌርማታ አልፌ፣ ቆሜ፣ በሩን ከፍቼ፣
አሮጊቷ ከነጋሪዋ ስትወርድ፣ መጣ።
ያለ ደወል፣ ያለ ጉብታ።
አሁን ቤት የለውም፤ የትም ያድራል።

ለቪስቫልዲስ አልነገርሁትም።
በጭስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድሁለት፤
ምስጋናዬ ግማሹ ከልቤ ነበር።

ዛሬም ድልድዩ ላይ ፍጥነት እቀንሳለሁ።
አዲስ ተሳፋሪዎች ቀና ይላሉ፤ መብራት የለ፣ ሰው የለ፣
ምን ነካት ይላሉ።
ነባሮቹ ግን፣ ጉብታውን በየወገባቸው የለመዱት፣
ቦርሳቸውን ጭን ላይ አጥብቀው፣ ብረቱን ይጨብጣሉ፤
አብረን፣ በዝግታ፣
ምንም በሌለበት እናልፋለን።