በሁለት ሣጥን መሃል

ኅዳር ነው። መሃል ሜዳ፣ ውርጭ ጥርሱን አግጥጧል፤
እኔ የሣልኩት ወረቀት ግድግዳው ላይ ቀርቷል፤
አራት ሣጥን በመስመር፣ በቀስት ተያይዞ፣
ሦስት ዓመት ከርሟል ያንኑ አቧራ ይዞ።

የመጀመሪያው «ግብዓት»፦ ስድስት መሸመኛ፣
ሰባት ኩንታል የበግ ጠጉር፣ የውሎ አበልም ለእኛ።
ሁለተኛው «ተግባር» ነው፦ ዘጠና ቀን ሥልጠና፣
ማበጠር፣ መፍተል፣ መሸመን፤ ዝተት፣ በርኖስና ባና።
ሦስተኛው «ውጤት» ይላል፦ ሠላሳ ምሩቅ ወጣት፣
ሠላሳ ሰርተፍኬት፣ ፎቶ ከነባለሥልጣናት።
አራተኛው «ለውጥ» ነው፦ በእጁ የሚያድር ትውልድ፣
ከመናኸሪያ የራቀ፣ ለስደት የማይነጉድ።

ያኔ ስሥለው ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም፤
ይህ ካለ ያ ይሆናል፤ አመክንዮ አይሸሽም።

ጋሽ ደስታለም ዘበኛው፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ
ሣጥኑን አንድ በአንድ አየ፤ ጠየቀኝም ደግሞ፦
«ሣጥኑስ ገባኝ ልጄ፣ ዕቃ ያለበት ነው።
ይቺ በመሃል ያለችው፣ ጅራታሟ ምንድን ነው?»
«ቀስት ናት» አልኩት።
«ማን ይሄድባታል?»
ሣቅሁ። ያ ሣቄ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ትላንት ልገመግም መጣሁ፣ መዝገቤን አንጠልጥዬ።
ሠላሳው ልክ ነው፤ አንድም አልጎደለም፤
ፎቷቸውም አለ፣ ማንም አልነቀለም።
ዐሥራ አንዱን መናኸሪያ ነው ያገኘኋቸው፣
«ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው!» ደርቋል ጉሮሯቸው።
ሰባቱ አዲስ አበባ ሲሚንቶ ያቦካሉ፣
አራቱ አግብተዋል፣ ሁለቱ ታመዋል አሉ፤
የአምስቱን ስልክ ብደውል፣
«ጥሪ አይቀበሉም» ይላል።

ባንቺወሰንን ብቻ ደጇ ላይ አገኘኋት፣
ገብስ ታበጥር ነበር። «ሥልጠናውስ?» ስላት፣
«ማበጠሩንማ አልረሳሁ!» አለች፤ ሣቅ ቀደማት።
ከዚያ እጇ ቆመ፣ ሰፌዱ ጭኗ ላይ አረፈ።
«በተመረቅን ማግስት ክፍሉ ተቆለፈ።
መሸመኛው እዚያው ውስጥ፣ ቁልፉ በኃላፊው ኪስ፤
‹ንብረት ነው› ይለን ነበር፣ ‹ርክክቡ እስኪደርስ›።
እሱም ሞላሌ ተዛወረ።
ኪሱ አብሮት ሄደ።»

ሦስት ዓመት!
ከሦስተኛው ሣጥን እስከ አራተኛው ያለች፣
ያቺ የጣት ርዝማኔ፣
ለካ ቁልፍ ኖራለች።
«ታሳቢዎች» ከሚል ርእስ ሥር አንድ ዐምድ ነበረኝ፤
ያኔ ስለቸኮልሁ «የለም» ብዬ አለፍሁኝ።

ሌላም አለ፣ ከመዝገቤ ስሙ የሌለ፦
ገብረኪሮስ፣ «ዕድሜህ አልሞላም» ተብሎ የተመለሰ፣
ዘጠናውን ቀን በመስኮት እያየ የጨረሰ፤
ከባሕር ዛፍ ጠርቦ አንድ መሸመኛ አቁሞ
ባና ይሸምናል ዛሬ፤ ያስተምራል ደግሞ።
በየትኛው ሣጥን ላኑረው? ግብዓት አላወጣሁለት፣
በአበልም አልቆጠርሁት፤ በኅዳጉ ጻፍሁት።

ማታ መብራት ሲጠፋ አዲስ ወረቀት ዘረጋሁ፤
ዘንድሮ ከቀኝ ጀምሬ ወደ ግራ አመራሁ።
መጀመሪያ ባንቺወሰን፦ ባናዋን ስትሸጥ።
ከዚያ በፊት ምን ይኑር? ባናውን የሚገዛ።
ከዚያ በፊት? የተከፈተ በር።
ከዚያስ በፊት? ቁልፍ። በማን እጅ?
እዚህ ላይ እርሳሴ ተሰበረ፤ በቢላዋ ቀረጽሁት።

ጋሽ ደስታለም ፋኖሱን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ፣
ጣቱን በቀስቷ ላይ በቀስታ እየነዳ፤
ግማሽ መንገድ ላይ አቆመው።
«እዚህ ጋ» አለኝ፣ «ገደል አለ?»
«አላውቅም» አልኩት።
«እንግዲያስ እሷን ጻፋት።»
ጻፍኋት።