የዘርጋው ጉልበት

ዓርብ ነው፤ ሻርጃ፤ ከመጋዘኑ ጀርባ፣
አሸዋው ይፋጃል ፀሐይ ሳትገባ።
ዘርጋው ፋሻውን ጠቅልሎ ቆሟል፤
«አስገባኝ» አይልም፤ ዓይኑ ግን ይላል።

በያን ይሮጣል፤ ልጅ ነው፤ ሳንባው ሙሉ፣
ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ይጠፋዋል ውሉ።
ዘርጋው አይሮጥም። ቀና ብሎ ያያል፣
ያየበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ያገባል።

ግን ነገ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣
አውቶቡሱ ጥሩንባውን ሲነፋበት፣
ርብራቡን የሚወጣው በየቱ ጉልበት?

ጉልበቱን አንዴ ለኩባንያው ሸጧል፤
በተሸጠ ጉልበት ማን ይወራረዳል?

ሰባኛው ደቂቃ። ዜሮ ለዜሮ።
ዳኛው «ቁጥር?» አለኝ፣ ብዕሩን ቀስሮ።
ሁለት ቁጥር ቆሟል ጉሮሮዬ ላይ፤
ዘርጋው ጉልበቱን ያሻል፣ እኔን ሳያይ።