አፕ

ብርድ ልብስ ስሠራ ውዬ፣ እኔው በርዶኝ እገባለሁ፤
የሱፍ ብናኝ ከፀጉሬ ላይ፣ በመዳፌ አራግፋለሁ።
የማታ ክፍል፣ ሦስተኛው ወንበር፣ ከመስኮቱ አጠገብ፤
መስታወቱ ረግፎ ካርቶን የለበሰ፣ ነፋስ የማይጠግብ።

መምህር ሸዋንግዛው ጠመኔውን በእጁ ላይ አንከባሎ፣
«ዛሬ መጽሐፍ የለም፤ የሰፈር እንግሊዝኛ ነው» ብሎ፣
ጻፈ፦ ፎል ኢን ላቭ። በፍቅር መውደቅ።
ክፍሉን ሞላው ሳቅ።
ጣርማ በርን የሚያውቅ ሰው በመውደቅ አይቀልድም፤
ገደል የገባ በገመድ ይጎተታል እንጂ፣ በፈገግታ አይወጣም።

«እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለን። ዝም አልን። ከኋላ ወንበር
ልሳነወርቅ፣ እህል ነጋዴዋ፣ እጇን አወጣች ከጋቢዋ ሥር፦
«አንጀቴን በላው እንላለን።»
ሰሌዳው ላይ ገለበጠው፣ ቃል በቃል፣ በፈረንጅ ፊደል፤
ጅብ የገባበት በረት መሰለ፤ ፍቅር ሳይሆን ወንጀል።

ክራሽ ሲል ሁላችን ያሰብነው ሲኖትራክ ነው፣
ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰው፤
ለካ ከሩቅ አይቶ መውደድ ነው፣ ሳይነግሩት፣ ሳይጠጉ፤
አጥንት ሰብሮ ለሚሄድ ግጭት ትራፊክ ላይፈልጉ።

ታይ ዘ ኖት ሲል ጣቶቼ ቀደሙኝ።
ቋጠሮ ማሰር። መጋባት።
እኔ እኮ ክር ሲበጠስ ማሽን አቁሜ፣ ቋጥሬ፣ በጥርሴ ቆርጬ የምለቅ ነኝ፤
በአንድ ፈረቃ መቶ ጊዜ ሠርግ አለብኝ፣
ሚዜ የሌለው፣ እልልታው የሞተር ጩኸት።

ከዚያ አፕ መጣ።
አፕ ማለት ላይ ነው፤ ይህን ሕፃን ሆኜ ነው ያወቅሁት፤
ግን ብሬክ አፕ መለያየት፣ ሜክ አፕ መታረቅ፣ ጊቭ አፕ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ሲሉት፣
«ቲቸር፣ ሁሉም ላይ ከወጣ ታች የሚቀረው ማን ነው?» አልኩ።
«ሸዋሮቢት!» አለ አንዱ። ክፍሉ አውካካ። እኔ አቀረቀርኩ።

ሸዋሮቢት ነው ወንድይፍራው። ማሾ ይዘራል፣ ሽንኩርት ይጭናል፤
የቆላው ፀሐይ ድምፁ ውስጥ አለ፤ ሲደውል ጆሮዬ ይሞቃል።
«ቅዳሜ ወደ ላይ እወጣለሁ» አለኝ። ሹራቤን ትቼ፣
በጠዋት ውርጭ መናኸሪያ ቆምኩ፣ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ።
አባዱላው ቆመ። ሽንኩርት ወረደ፣ ዶሮ ወረደ፣ አንድ መነኩሴ ወረዱ።
ሁለተኛው ቆመ። ሦስተኛው። ረዳቶቹ ሳይቀሩ ለመዱኝ፣ ቀለዱ።
ሊስትሮው፦ «እትዬ፣ ሰው ነው የሚመጣው?»
«ዕቃ ነው» አልኩት።
እግሬ የኔ መሆኑን የረሳሁት ያኔ ነው።

መምህሩ የመጨረሻውን ጻፈ፦ ስቱድ ሚ አፕ።
«አስነሣኝ» አለ አንዱ። «ደገፈኝ» አለች ልሳነወርቅ።
ራሱን ነቀነቀ።
እጄን ሳላወጣ አፌ አመለጠኝ፦
«አቁሞኝ ቀረ።»
«ጎበዝ ዘነበወርቅ! ቃል በቃል!» አጨበጨቡልኝ።
ከዚያ ሁሉ ቃል አንዱ ብቻ፣ በኛም በእነሱም እኩል በረደኝ።

ማታ ስልኬ ጮኸ፦ «ጣርማ በር ጭጋግ ነበር። ይቅርታ።»
ጭጋግ ይኖራል፣ መቼ ጠፍቶ ያውቃል፤ ለውሸትም ይሆናል መከታ።
ነገ ክር ይበጠሳል፤ ማሽን አቆማለሁ፤ ጣቴ የሚያደርገውን ያኔ አያለሁ።
አሁን ደብተሬን እከፍታለሁ።
የቤት ሥራ፦ በአፕ አንድ ዓረፍተ ነገር።
ስለ ቅዳሜ ጻፍኩ። አጭር ነው፤ ሰዋስዉም አይቸገር።
በእነሱ አንድ ነጥብ ይዘጋዋል፤ በኛ አራት ነው አልኩ፤
ሁለቱን ለሌላ ቀን አቆይቼ፣ ሁለቱን ብቻ አስቀመጥኩ፡