ጓጓ

ከጥቁር አንበሳ ዝቅ ብሎ፣ ፌርማታው ጋ፣
ሰልፉ ተጠማዝዞ አጥር ለአጥር ሲዘረጋ፣
ከፊቴ የቆመው፣ ነጭ ጋዋን በክንዱ፣
አንገቱን አስግጎ ቁልቁል ወደ መንገዱ፣
«ጓጓ!» አለ ድንገት።

«ማን?» አልኩት፣ «ማን ጓጓ?»
ሃያ ሰባት ዓመት ሰዋስው አስተምሬ፣
ግሥ ባለቤት ሲያጣ አይተኛም ጆሮዬ።
«አውቶቡሱ መስሎኝ» አለኝ።
የባንክ ሰርቪስ ነበር።

ኢተፋ ይባላል። ደም መርማሪ ነው፣ እላይ፣ ላብራቶሪ።
አባቱን ጅጅጋ ላይ ጦርነት በልቶበት፣
በአሥራ አንድ ዓመቱ፣ በአሰብ፣ መርከብ ወስዶት፣
ኩባ ነው ያደገው፣ ብርቱካን መሀል፣ አዳሪ።
እዚያ አውቶቡስ ጓጓ ነው።

«ቃሉስ? ምንጩ ከየት?»
«እንጃ፤ አንዱ ጥሩምባው ነው ይላል፣ ሲያንቋርር፤
ሌላው የፈረንጅ ጋሪ ነው፣ ምላስ ላይ ሟሙቶ የቀረ።
ብቻ አንዲት ቺሌያዊት ነበረች፣ ስደተኛ፣ የሒሳብ መምህር፤
“ጓጓዋ ሞላች፣ ጓጓዋ አመለጠች” ስንል ሰምታ፣
“ሕፃን ላይ ነው የምትሳፈሩት?” አለች፣ ጆሮዋን ተጠራጥራ፣ ፈርታ።
በሷ አገር ጓጓ ጡት የሚጠባ ነው፤
ተራራ ላይ ያለቀሰ ልጅ፣ ልቅሶው ስም የሆነው።»

«ላንተስ?»
ዝም አለ። ሁለት ታክሲ አለፈ፣ «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ።
«እኔማ ሦስተኛውን ከቤት ይዤው ነው የሄድኩት።
የመጀመሪያው ጠዋት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣
ልጁ ሁሉ “ጓጓ! ጓጓ!” እያለ ሲሮጥ ሳይ፣
ስለኔ መስሎኝ አፈርኩ፤
ማታ ትራስ ነክሼ እንዳደርኩ
ማን ነገራቸው ብዬ።»

እኔም አንድ ልስጠው አልኩ፣ ከራሳችን ጓዳ፦
ሰልፍ ማለት ድሮ ጦር ነው፣ ጎራዴ የተመዘዘበት ሜዳ፤
ቀጥሎ መፈክር ሆነ፣ ግራ እጅ ወደ ላይ፤
አሁን ይኸው እኛ ነን፣ ፌስታል በእጅ፣ ዓይን ሰማይ ላይ።

«ከኩባ መጥቼ» አለ፣ «አውቶቡስ የምጠብቀው ከሜክሲኮ!»
ራሱ ሳቀበት። መጣ። ሞልቷል፤
የሰው ክርን በበሩ አሹልኮ፣
የጠዋቱን ዝናብ ረጭቶብን አለፈ።

ከዚያ የማታው ጀመረ።
ኢተፋ ጋዋኑን ዘረጋ፣ ግማሹን ለኔ ራስ።
«ትመጣለች» አለ፤
አውቶቡስን፣ በአንስታይ ጾታ።

አላረምኩትም።